ለጀማል ዋስ የተጠራ ዕለት

ዓመቱ ሁለት ሺህ አስራ አንድ ነው፣ ወሩ የካቲት። በልጉ ዘግይቶ ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና አልነበረም፣ ፀሐዩ ከማለዳው ያቃጥል ነበር፣ ወንዙም ቀጥኖ ነበር። ይሄን አስቀድማችሁ ያዙልኝ፣ ወንዝ ሲቀጥን እኔ ከቦዩ ላይ አልጠፋም።

በእኛ ጊዜ ኳስ ማለት የጨርቅ ጥቅል ነበር፣ እሱንም የሰነፍ ሥራ ይሉት ነበር። አባቴ ካገኘው እሳት ውስጥ ነው የሚጨምረው። እኔም ከሦስተኛ ክፍል ወደ እርሻ ስመለስ ትምህርቱንም ኳሱንም አንድ ላይ ተሰናበትኩ። ታዲያ እንዲህ ያደግሁ ሰው፣ ልጅህ ጀማል ለመርሳ ቡድን ተሰለፈ ሲሉኝ ምን አልኩ? ምንም አላልኩ። ታውቁኛላችሁ፣ እኔ ብዙ አላወራም፣ ዛሬ እናንተ አስለፈለፋችሁኝ እንጂ። አራት ዓመት ሲጫወት አንድ ቀን ሄጄ አላየሁትም። አራት ዓመት!

ሰበቤ ውሃው ነው። የውሃ አባት መሆኔን ታውቃላችሁ፣ ወንዙ ከተጠለፈበት አንስቶ ውሃውን በተራ የማካፍል፣ ተራ የዘለለውንም የምዳኝ እኔ ነኝ። እና ሃያ ዓመት ስዳኝ ቦዩን ሄጄ በዓይኔ ሳላይ ፈርጄ አላውቅም። ለዘመድም ዋስ አልሆንም። የገዛ ወንድሜ ዋስ ሁነኝ ብሎ እምቢ ብየው ሁለት ዓመት አኩርፎኛል። ያኩርፍ። ዳኛ ለዘመዱ ዋስ ከሆነ ነገ ማን ይሰማዋል?

ታዲያ በገበያ ቀን መርሳ ወጣሁና የኮቴን ኪስ ላሰፋ ልብስ ሰፊው ከበደ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ከበደ የቆየ ወዳጄ ነው። ዓሊ የሚባል፣ በቅርቡ ከሐራ መጥቶ ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳም እዚያው ቆሞ ሻይ ይጠጣል። እና ዓሊ በአንድ እጁ ብርጭቆውን ይዞ በሌላው አየሩን እየቆረጠ ምን ይላል?

«ይሄ ጀማል የሚሉት ልጅ ያጠፋናል! በስድስት ጨዋታ አራት ቢጫ! ኳስ ተጫዋች ነው ወይስ ቡጢኛ? እሁድ ወልድያ ላይ ለዋንጫ ነው የምንገባው፣ በአስር ሰው ልንጨርስ ነው እኮ!»

ከበደ መርፌውን ከአፉ አወጣና «አንተ ባጃጅህን ንዳ» አለው። «ከሱ በፊት መሀል ሜዳ ላይ ኳስ የሚቀማልን ማን ነበር? አጥቂዎቻችን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመው አልነበር የሚውሉት?»

«አጥቂ አማካይ ጎል ያግባ! ስንት አገባ? ሁለት!»

«እሱ አመቻችቶ ሌላው ያገባውንስ?»

«የሰው አስር ቁጥር ሲጫወት ጭፈራ ነው የሚመስለው። የእኛ አስር ቁጥር አጥር የሚጥስ ወይፈን!»

«አቦ ተወና! ስስ ልጅ አስገብተህ የወልድያ ተከላካዮች ጠርገው እንዲያወጡልህ ነው?»

ታዲያ ዓሊ ሽማግሌ ሲያይ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። «አባቴ፣ እስቲ አንቱ ይዳኙን። እንዲህ ያለ ጠበኛ ከቡድን ይውጣ ወይስ ይቆይ?»

«ያላየሁትን አልዳኝም» አልኩ።

«እንዴ! የመርሳ አካባቢ ሰው ሆነው ጀማልን አያውቁትም?»

ከበደን ሳየው አንገቱን የስፌት መኪናው ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ሳቁን ይዞ ነው።

«አውቀዋለሁ» አልኩት። «ልጄ ነው።»

አሁን ትስቃላችሁ፣ ያኔ ያንን ፊት ብታዩት! ብርጭቆውን የሚያስቀምጥበት ጠፋው። «ወላሂ አባቴ፣ እኔ እኮ፣ ማለቴ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እንደሱ ያለ የለም...»

«የተናገርከውን አትመልሰው» አልኩት። «ጠበኛ ካልክ ጠበኛ በል። እኔን አይተህ አትቀይር።»

ከበደ ሳቁን ጨረሰና ቁም ነገሩን አመጣው። «አያ ይመር፣ ከሰሙ አይቀር ልንገርዎ። አሰልጣኙ እሁድ ጀማልን ተቀያሪ ወንበር ላይ ላስቀምጠው ነው ብሏል። እኛ ብንለምነው፣ እንግዲያው ጠብ ላለማንሳቱ ዋስ አምጡ አለን። ዛሬ ከውርጌሳ ልጆች ጋር ይጫወታሉ፣ እሱ እንዳለቀ ይለይለታል። ልጁ ግን ዋስ አልጠራም ብሎ እምቢ አለ። አባትህስ ብንለው፣ አባቴ ለዘመድ ዋስ አይሆንም፣ ደግሞስ ስጫወት መቼ አይቶኝ ያውቃል አለን።»

እና ይሄን ሲነግረኝ ኮቴ ሳይሰፋ አንስቼ ለበስኩት።

የከሰዓቱን አሰር ሰግጄ ሜዳው ሄድኩ። ዓሊ ከኋላዬ ተከተለኝ፣ ተቆጥቶ ልጁን ሊደበድብ ነው ብሎ ፈርቶ ነው አሉ። አጠገቤ ቆመና ያስረዳኝ ጀመር። «ያ በረኛ ነው አባቴ፣ ያ ተመላላሽ ነው፣ ያ ደግሞ...» «ዝም በል» አልኩት፣ ዝም አለ።

መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ሃያ ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲያሳድድ ምን ይገባል? እየቆየ ግን ዓይኔ ለመደ። ጀማል የሚሮጠው ኳሱ ወዳለበት አልነበረም፣ ኳሱ ሊመጣ ወዳለበት ነበር። እኔ በዕድሜዬ ይሄን የሚችል ገበሬ ያየሁት ጥቂት ነው፣ ውሃው ሳይደርስ ቦዩን ከፍቶ የሚጠብቅ። መቱት፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ደግመው መቱት፣ እግሩን እንኳ ዝቅ ብሎ ሳያይ ተነስቶ ኳሱን ቀማ። ሦስት ሰው መሀል ገብቶ በትከሻው ገፋ ገፋ አደረገና ወጣ፣ ከዚያ ለአንድ ደቃቃ ልጅ አቀበለው፣ ደቃቃው አገባ። ሜዳው አበደ! ሁሉም ያገባውን ሊያቅፉ ሮጡ። ጀማል ብቻውን ቆሞ የወረደ ካልሲውን ይስብ ነበር። እኔ እሱን አየሁ።

ከዕረፍት በኋላ ግን፣ ይሄንንም ስሙ፣ ያየሁትን ሁሉ ነው የማወራው፣ አንድ የውርጌሳ ልጅ የበረኛችንን እጅ ረገጠ። ጀማል በደረቱ ሄደበት። ዳኛው ፊሽካ ነፋ፣ ቅጣቱን ለውርጌሳ ሰጠ። ዳኛው አስተማሪ ነው፣ ጨዋ ሰው። ታዲያ የእኔ ልጅ ጣቱን ወደ ዳኛው ቀስሮ «ዓይን የለህም ወይ!» አይልም? እሱ እዚያ ሲጮህ የውርጌሳ ልጆች ቅጣቱን ቶሎ መቱና ጎል ገባብን። ያ ጣት ደግሞ የእኔ ጣት ነው! ቦይ የሰበረ ሰው ሳገኝ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ይኸው እንዲህ። ከማን እንደተማረው ሜዳው ሁሉ ያወቀ መሰለኝ።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ሣሩ ላይ ተሰበሰብን፣ ተጫዋቹም ደጋፊውም ዳኛውም። ጀማል ያኔ አየኝና ፊቱን አዞረ። አሰልጣኙ «ዋስ አለው?» አለ። ከበደ ተነስቶ ለልጁ ተከራከረ። ዓሊ ተነሳ፣ እኔን በጎን አየኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «ጠበኛ ነው! ዛሬም ጎል ያስገባብን እሱ ነው!» አለ። እኔ ፊት አለው! ያኔ ወደድኩት።

ታዲያ እኔም ተነሳሁ።

«አባቱ ነኝ፣ ስለዚህ ዋስ አልሆንም» አልኩ። «ለሌላው የከለከልኩትን ለራሴ አልፈቅድም። ያየሁትን ግን እመሰክራለሁ። ይሄ ልጅ ለራሱ ሲጣላ አላየሁም። እሱን ሲመቱት ተነስቶ ሄደ፣ የተቆጣው ጓደኛውን ሲረግጡበት ነው። እሱን አስወጥታችሁ የምታስገቡት ሰው ይሄን የሚያደርግ ከሆነ አስገቡት። ዳኛ ላይ ጣት መቀሰሩን ግን ከሳሹ እኔ ነኝ። ዳኛ ተሳሳተም አልተሳሳተም ሜዳው ላይ ዳኛ ነው። ጀማል፣ ተነስ!»

ተነሳ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ከእኔ በራስ ይበልጣል። ሄዶ ዳኛው ፊት አጎንብሶ «አጥፍቻለሁ ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ» አለ። «አፉ ብያለሁ» አለ ሰውየው፣ አቀፈውም።

አሰልጣኙ ግን ደረቅ ሰው ነው። «ጥሩ። ዋስ ግን አሁንም የለም» አለ።

ይሄኔ ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? ዓሊ! «ዋሱ እኔ ነኝ!» አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ከበደማ «አንተ? ጠዋት ወይፈን ያልከው?» እያለ ሆዱን ይዞ።

«ወይፈንነቱን መቼ ካድኩ!» አለ ዓሊ። «ግን ሲያጎነብስ አየሁ። እሁድ ጣቱን ካነሳ ባጃጄን አቁሜ አንድ ወር በእግሬ ነው የምሄድ፣ ወላሂ!»

አሰልጣኙም ሳቀና «ይግባ» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጀማል ከጎኔ ሄደ። እሱም እንደ እኔ ብዙ አያወራም። ቤት ልንደርስ ስንል «አባ፣ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩት?» አለኝ። «አየሁት» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ምክትሌን ቦዩ ላይ ጠራሁና «ነገ ውሃውን አንተ አካፍል፣ እኔ ወልድያ እሄዳለሁ» አልኩት።

«ምነው፣ ለቅሶ ነው?» አለ።

«ኳስ ነው።»

አካፋውን ተደግፎ ትክ ብሎ አየኝ። «አያ ይመር፣ ደህና ነዎት?» አለና ግንባሬን ሊነካ እጁን ዘረጋ!

እሁድ ከደጋፊዎቹ ጋር በሚኒባስ ተጭኜ ወልድያ ገባሁ። ሁለት ለአንድ አሸነፍን፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለቱንም ያመቻቸ ጀማል ነው። ሊያልቅ ሲል ከኋላው ጠልፈው ጣሉትና ዳኛው ዝም አለ። ዓሊ አጠገቤ ዓይኑን ጨፈነ። ጀማል ተነሳ፣ ቀኝ እጁ ከፍ አለ፣ ከዚያ ያንን እጁን በግራው ጨብጦ ወደ ኋላው አደረገና ወደ ቦታው ሮጠ። «ጣቱን አነሳ ወይ? አነሳ ወይ?» ይላል ዓሊ ዓይኑን እንደጨፈነ። እኔ ቆሜ የልጄን ስም እየጠራሁ እጮህ ነበር።

ያን ቀን ቆረጥኩ። ከዚያ ወዲህ የእሁድ ውሃ የምክትሌ ነው።