ዝናብ የማይጥለው ነጭ አበባ

ጋሼ ሽባባው፣ ዛሬ በስንብትዎ ቀን ተናጋሪው እኔ፣ ሰሚው እርስዎ ነዎት። አሥራ ሁለት ዓመት ተገላቢጦሹ ስለነበር ትንሽ ይታገሡኝ።

እንግዶቻችን፣ ስሜ ከድሮ ይባላል፤ የዚህ የቡታጅራ ችግኝ ጣቢያ አትክልተኛ ነኝ። ጋሼ በ1953 ዓ.ም. ሲመጡ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሳጥናቸውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ጠመንጃ ያለበት መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ስንከፍተው ቀጫጭን ብሩሽና የወረቀት ከረጢት! ወዲያው ፔቱኒያ የሚሉት አበባ ሥር ተንበርክከው በብሩሽ ይነካኩት ጀመር።

"ጌታዬ፣ ቀለሙ የታለ?" አልኳቸው።

ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "ቀለሙ እዚያው ውስጡ ነው" አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለሃሊማ፣ "የላኩልን ሰውዬ ጤና የለውም" አልኳት።

አበባውን በከረጢት ይሸፍናሉ፣ የራሳቸውን ኮፍያ ግን የትም ይረሳሉ። ሰው ሲያዩ ደግሞ ዝም ብለው አያልፉም፤ "ይህ ጆሮ የእናትህ ነው" ሳይሉ ሰላምታም የለ። ልጄ ሳፊያ ስትወለድ አራስ ሊጠይቁ መጡና ሕፃኗን ትክ ብለው አይተው፣ "ከድሮ፣ ይቺ አፍንጫ ከየት መጣች?" አይሉ መሰላችሁ! የሃሊማን ፊት ባያችሁ! ደግነቱ እናቴ ያንኑ አፍንጫ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ጋሼም፣ "ተገኘ! አንተ ላይ ተደብቆ ልጅህ ላይ ወጣ!" ብለው አጨበጨቡ።

ሥራቸውም ይኸው ነበር። ትንሹ ቀይ አበባ የክረምቱን ዝናብ ይችላል፤ ከውጭ የመጣው ትልቁ ነጭ ግን በአንድ ዶፍ ይበሰብሳል። የአንዱን የአበባ ዱቄት በብሩሽ ወደ ሌላው እየወሰዱ ሲያዳቅሏቸው ልጆቹ ሁሉ ቀይ ሆኑ። "ነጩ ጠፋ" ስላቸው፣ "ተደብቋል እንጂ አልጠፋም፤ የልጅ ልጆቹን ጠብቅ" አሉኝ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጋሼ ለስብሰባ ወልቂጤ በሄዱበት ቀን ፀሐዩ ከረረ። አበቦቹ ከረጢት ውስጥ ታፍነው ሲጠወልጉ አንጀቴ አልቻለም፤ አርባውንም ከረጢት ገለጥኩ። ንብ ወረደባቸው። የማን ዘር ከማን እንደተቀላቀለ አሏህ ብቻ ያውቃል። የሦስት ዓመት ልፋት ገደል ገባ።

የጣቢያው ተቆጣጣሪ፣ "ማነው የከፈተው? ዛሬውኑ ይባረር!" ብሎ ጮኸ። ሃሊማ ሁለተኛዋን ልጅ አርግዛለች። ጋሼ ግን፣ "ጥፋቱ የኔ ነው። ለምን እንደሚሸፈን አልነገርኩትም" አሉ። በዚያ ዓመት ሊያገኙት የነበረው እድገት ቀረ። ለእኔ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ብሩሹን እጄ ላይ አስቀመጡና፣ "ና፣ እንደገና እንጀምር" አሉኝ።

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። በየችግኙ ላይ በምናንጠለጥለው ወረቀት ላይ መጻፍ አስተማሩኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ክረምት ፈጀብን። አንድ ቀን ዶፉ ሲያባራ ወጣን። ሌላው ሁሉ መሬት ላይ ተለጥፏል፤ ሰባት ትልልቅ ነጭ አበቦች ብቻ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጋሼ ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ዛሬ ያ አበባ በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም አጥር ሥር፣ እስከ ጉንችሬ ድረስ ይታያል።

ጋሼ፣ በተቆጣጣሪው ፊት የቆሙልኝ ቀን አፍሬ አላመሰገንኩዎትም። ይኸው ዛሬ በሰው ፊት አመሰግንዎታለሁ። ልጆቼ ያደጉት በእርስዎ አንዲት ቃል ነው።

በሉ፣ ተነሱ! ጠጅ የያዘ ጠጁን፣ ብርዝ የያዘ ብርዙን ያንሳ። አሏህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የሚሄዱበት የደብረ ማርቆስ ጓሮዎ ይለምልም። ይህ አገራችን መስቃን ሲናፍቅዎ ደጄ ክፍት ነው፤ ሳያንኳኩ ዝም ብለው ይግቡ። ለጋሼ ሽባባው!