በልቼ ነው የመጣሁት

ወዲህ ጠጋ ይበሉ እትዬ፣ መስኮቱ ብርድ ያስገባል። እንዲህ… ጎሽ። እንኳን ደህና መጡ! በረራው አላደከመዎትም? እግርዎስ አላበጠም? የእኔማ ስመጣ አብጦ፣ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ነው ይሄን አገር የረገጥኩት። ንጉሥ ፊት የምቀርብ መስዬያቸው ነበር። ልጅዎ ይባረክ፤ እናቱን አስመጥቶ ቤት ውስጥ ሳይቆልፍ ከሰው የሚያቀላቅል ልጅ ስንቱ ነው?

ይቺ የተቀመጥንባት ነገር ዝቅ አለችብዎት አይደል? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የልጅ አልጋ ናት። ለልጄ ነው የገዛኋት። አገር ቤት እህቴ ጋ ናት፣ ልጄ። ዛሬ ያቺ ወጥ ቤት ጉድ ጉድ የምትለው የቤቱ እመቤት የሹመት ድግስ ስላለባት፣ ወንበር አነሰ ተባለና አልጋዋ ከእኔ ክፍል ወጣች። ምን ችግር አለው? ተኝቶባት የሚያውቅ የለ፣ ሰው ይቀመጥባት እንጂ! ቤቱን ከእሷ ጋር አብረን ነው የተከራየነው፤ ሥራችንም አንድ ነው፣ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ። አንሶላና ፎጣ ስናጥፍ እንውላለን። እሷ እንኳን ከሰሞኑ ወዲህ ታሳጥፋለች እንጂ አታጥፍም፣ የክፍሉ ኃላፊ ሆናለች። እሰይ ነው! ያ ጥግ ላይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለው ሰውዬ ደግሞ የሁላችንም የበላይ ነው። አማርኛ አይሰማም፤ ዘና ብለን እናውራ።

ምነው፣ አይበሉም እንዴ? ሳህንዎ እንደቀረበ ነው። … በልተው ነው የመጡት? ውይ እትዬ! እባክዎን ይሄን ቃል እዚህ አገር እንዳይደግሙት። እኔን ያየ ይቀጣ!

ከቋንቋቸው መጀመሪያ የተማርኩት “አይ” የሚለውን ነው። ጨዋ ሰው ሌላ ምን ያስፈልገዋል? እንደመጣሁ ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤቷ ጠራችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳልቀምስ፣ ሆዴን አዘጋጅቼ ሄድኩ። ሳህን አቅርባ “ትበያለሽ?” አለችኝ። እኔ በሥርዓት ያደግሁት “አይ” አልኳትና በእጄም ሆዴን ነካ ነካ አድርጌ በልቼ ነው የመጣሁት አልኳት። ከዚያ ምራቄን ዋጥ አድርጌ ሁለተኛውን ጥያቄ እጠብቃለሁ። ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም! ሳህኔን አንስታ መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ሲበሉ ቁጭ ብዬ አየሁ። አንጀቴ ሲጮህ እንዳይሰማብኝ አስል ነበር። ባሏ ጉንፋን የያዘኝ መስሎት ክኒን ሰጠኝ፤ እሱንም “አይ” ብዬ መለስኩት።

አሳንሰሩስ! በሩ ላይ ከአንድ ሰውዬ ጋር ተገናኘን፤ በእጄ “ይቅደሙ” አልኩት። አገራችን ቢሆን አንተ ግባ አንቺ ግቢ ስንባባል መሽቶ ይነጋል። እሱዬ ገባ፣ አዝራሩን ተጫነ፣ በሩ አፍንጫዬ ላይ ተዘጋ። ቀጥሎ የመጣውንም ይቅደሙ አልኩ። በመጨረሻ በደረጃ ወጣሁ፣ ማን ይከለክለኛል? ደግሞ አንድ ቀን ዶፍ ሲወርድ፣ የመተኮሻ ክፍሏ ሴት መኪናዋን አቁማ “ላድርስሽ?” አለችኝ። “አይ!” ቤቴ እዚሁ ነው ብዬ በጣቴ አሳየኋት። ቤቴ እኮ ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው! “እሺ” ብላ ሄደች፣ ጎማዋ የረጨውን ውሃ ጨምራልኝ።

ክፉ ሆነው አይደለም እትዬ፣ እግዜርን! የነገርኳቸውን አመኑኝ እንጂ ምን አጠፉ? እዚህ ሰው አይ ካለ አይ ነው። የማያውቅ ሰው አይወቀስም። የሚያውቅስ? የእኛ ሰው፣ “አይ” ስንል “እስቲ አንዴ ድገሙልኝ” ማለታችን እንደሆነ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው… እሱስ?

… ኧረ ምንም፣ ዝም ብዬ ነው። አንዲት ሴት ትዝ ብላኝ ነው። ማን ናት አይበሉኝ፣ አያውቋትም። ድምፄን ከፍ ያደረግሁትም ለጆሮዎ ብዬ ነው እንጂ ለወጥ ቤት አይደለም።

እንዴት ያለች ጎበዝ መሰለችዎት! የዚህን አገር ቋንቋ እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ሐኪም ዘንድ እሷ፣ ገበያ እሷ፣ ከአከራይ ጋር እሷ፤ እኔ ኋላዋ ኩስ ኩስ ነበር። ውለታዋን አልክድም፣ እግዜር ይቆጥርብኛል። የሐኪሙ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ሄጄ የዓይን ጠብታ ይዤ ተመለስኩ። ምናልባት ከላይ ጀምሮ ሊወርድ ይሆናል። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባል የለ? እውነት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ሳያውቁ የዋጡት እንደሆነ… ተዉት።

አንድ ቀን ታዲያ አንሶላ ከማጥፍበት ጠረጴዛ ድረስ አለቃ መጣ። የዚያችም ሴት አለቃ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ነው የሚሰቅለው፣ ሰው ከሰው አይመሳሰልም እንዴ? እሷን ጠራና በእሷ በኩል ጠየቀኝ። “የክፍሉ ኃላፊ ትሆኛለሽ ወይ ይልሻል” አለችኝ። ቋሚ ሥራ ነው እኮ እትዬ! እዚህ ቋሚ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ልጁን ማምጣት አይፈቀድለትም። እኔ ደግሞ አልጋውን ከገዛሁ ቆየሁ። ልቤ እንደ ማጠቢያው ማሽን ሲዞር ይሰማኛል። ታዲያ ምን ያልኩ ይመስልዎታል? አንገቴን ደፋሁ፤ ነጠላ ስላልለበስኩ የአንሶላውን ጫፍ አፌ ላይ አደረግሁና “ኧረ እኔ! እኔ ምን አውቄ? ከእኔ የሚሻል ስንት ሰው እያለ፣ እኔ ለዚህ የምበቃ ነኝ ብላችሁ ነው?” አልኩ። ያደግሁበትን ጨዋነት በሙሉ እዚያ የሆቴል አንሶላ ላይ አፈሰስኩት። አንገት ደፊ አገር አጥፊ ይላሉ፤ እኔ አገር የማጥፋት አቅሙም የለኝ፣ የራሴን ጓዳ ነው ያጠፋሁት።

ያቺ ወዳጄ ትክ ብላ አየችኝ። “ኧረ ትችያለሽ!” እስክትለኝ እጠብቃለሁ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ላቅማማ፣ ሦስተኛው ላይ “እሺ፣ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ” ልል ተዘጋጅቻለሁ። ዞር ብላ ለሰውዬው ነገረችው። እኔ የተናገርኩት ያን ያህል፣ እሷ ያስተላለፈችው ይቺን ታህል! አንዲት ቃል። እሷን ቃል ደግሞ አውቃታለሁ፣ “አይ” ናት። ጎሽ፣ የመጀመሪያዋን አይ አደረሰችልኝ፣ እንግዲህ ልመናው ይጀመራል አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ወዳጄ ጨመር አደረገችለት። ይሄኛው ረጅም ነበር… በጣም ረጅም፤ በመሃሉም የራሷን ደረት በጣቷ ነካ ነካ ታደርጋለች። “አትስማት፣ ጨዋ ስለሆነች ነው እንጂ እንደሷ ያለ ሠራተኛ የለም፣ በእኔ ይሁንብህ” እያለችልኝ መሰለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰውዬው ሳቀ፣ እጇን ጨበጣት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኧረ አጨበጨብኩም! በማግስቱ ኃላፊ የሚይዘውን የመጋዘኑን ቁልፍ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ነው ያጨበጨብኩት ለማን እንደሆነ የገባኝ።

አልዋሽዎትም እትዬ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ፎጣ እስከ ጣሪያ በተከመረበት ቤት እንባዋን በእጅጌዋ የጠረገች ሞኝ እኔ ብቻ ነኝ። ልጄ ስትደውል “እማዬ፣ መቼ ነው?” አለችኝ። “ትንሽ ቆይ” አልኳት። የእኔው ልጅ አይደለች፣ “ግድ የለም እማዬ፣ እኔ እዚህም ደህና ነኝ” አለች። እሷም እኮ በልቼ ነው የመጣሁት ማለቷ ነው። እሱን ያለ አስተርጓሚ ነው የሰማሁት።

ወዳጄን ግን አልወቅስም። ምን ዋሸች? “አንቺው ራስሽ እኮ ነሽ አይ ያልሽው” አለችኝ ስጠይቃት። ልክ ናት! የሚገርምዎት፣ አገር ቤት እያለች አክስቷ ቤት ሄዳ ሦስቴ ካልለመኗት ውሃ የማትጎነጭ ዓይናፋር ነበረች አሉ። ምናልባት አየሩ ይሆናል። ሰው አየር ሲቀየርበት ብዙ ነገር ይረሳል።

አሁን ደግሞ ሌላ ቋሚ ቦታ ሊከፈት ነው፣ አለቃው እንደገና ይጠይቅሽ ይሆናል ይሉኛል። አስተርጓሚዋ ያው ናት እንግዲህ። እኔም መስታወት ፊት ቆሜ በነሱ ቋንቋ “አዎ፣ እፈልጋለሁ” እያልኩ እለማመዳለሁ። “አዎ” ላይ ደህና ነኝ፤ “እፈልጋለሁ” ስል ግን አንገቴ እስካሁን እሺ አላለም፣ ድፍት ይላል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብለው ነው ያሳደጉን። ዝንቡስ አልገባም፣ ጉርሻውም አብሮ ቀረ እንጂ!

ምነው እትዬ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ምን ያያሉ? … ውይ፣ መጣሽ እህቴ! አረፍ በይ እንጂ፣ ከሰው ሁሉ አንቺ ደከምሽ። ቁልፉ አንገትሽን አይከብድሽም? ቤት ውስጥ እንኳን አታወልቂውም፣ የእኔ ትጉህ! … ስለምን ነው የምናወራው? ስለ አየሩ ነው። እትዬ አዲስ ስለሆኑ ስለ አየሩ እየነገርኳቸው ነው።

ምን? እኔ ልመርቅ? ኧረ በፈጣሪ! እትዬ እያሉ እኔ ማን ነኝና? … አይ፣ አይሆንም፣ እኔ ምርቃት የት አውቄ! … ኧረ ተዉኝ፣ ታሳፍሩኛላችሁ… እሺ በቃ፣ ሦስቴ ካላችሁኝማ ምን አደርጋለሁ። አዩልኝ እትዬ? የእኛ ሰው ሲለምን እንዲህ ነው። ደስ ሲል!

እህቴ፣ አለቃችን ባዳ እንዳይሆንብን እያንዳንዷን አስተላልፊለት። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፣ እጠብቅሻለሁ።

ሹመትሽን የበረከት ያድርግልሽ። አሜን! … አየሽ፣ እሱም አሜን አለ፣ ጎበዝ። ያ ቁልፍ ከአንገትሽ አይውረድ። አሜን። … ወልደሽ ሳሚ፤ የወለድሽውንም በስልክ ሳይሆን ጉንጩን ሳሚ። አሜን። … የማይቀረው ቀን ደግሞ ሲመጣ፣ ከላይኛው ዳኛ ፊት ስትቆሚ፣ እዚያም አገሩ እንግዳ ነው፣ ቋንቋውን አታውቂውም፤ ልብሽ ሞልቶ አፍሽ እምቢ ሲልሽ፣ የሆድሽን አውቆ ለዳኛው የሚነግርልሽ፣ ልክ እንደ አንቺ ያለ አስተርጓሚ ከጎንሽ ያቁምልሽ! አሜን በሉ እንጂ!

… ምነው እህቴ፣ አለቃችን ብቻ ዝም አለሳ? ይቺኛዋን አላስተላለፍሽለትም? ግድ የለም፣ ከረዘመችብሽ አሳጥሪለት፤ እሱስ ታውቂበታለሽ። እድሜሽን ብቻ ፈጣሪ ያርዝምልሽ።