ከንፈሩ ያልተነካ ዓሣ

ልብስ ሰፊው ከሐይቁ ዳር ያለውን የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ በር ገፍቶ ሲገባ የፈለገው ትንሽ ነገር ነበር፤ ለነገ የሚሆነውን ማባበያ ገዝቶ ወደ ስፌት መኪናው መመለስ። የባለሱቁ ታላቅ ልጅ ግን ሰውን ሳታጫውት ዕቃ የምትሸጥ ሴት አይደለችም። ስለ ዝናቡ አነሣች። ስለ ጭቃው አነሣች፣ ጫማውን እያየች። ሚስቱን ወገቧን ተሻላት ወይ ብላ ጠየቀችና መልሱን ሳትጠብቅ ተመስገን አለች። በመስኮቱ እያሳየችው ደግሞ፣ ጎረቤታቸው መረበኛው ያንን አረንጓዴ መረቡን አጥር ላይ አስጥቶ ዝናብ እንዳበሰበሰበት፣ ቢሆንም ጎበዝ ሰው ስለሆነ ዛሬም ዓሣውን በማለዳ ሸጦ እንደ ጨረሰ አጫወተችው። እንዲህ ያለ ሰላማዊ ወሬ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ አባቷ ናቸው፤ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የተወሳሰበ ክር በጣታቸው እየዳበሱ ይፈታሉ። የሱቁ ቁልፍ በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛው የታናሽ እህቷ ባል ነው፤ ኪሱ የበዛ አዲስ ሰደርያ ለብሶ ቁልፉን ያያል። ከምሳ በኋላ ቁልፉ ከሽማግሌው አንገት ወደ እሱ ኪስ እንደሚያልፍ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሽማግሌው «ሱቄን የማወርሰው ዓሣ ለሚያውቅ ነው» ባሉ በሳምንቱ አማቹ ጭንቅላቱ የጥጃ የሚያህል ዓሣ ተሸክሞ ከሐይቁ ተመልሷልና። የዚህ ሱቅ ወግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ትልቅ ዓሣ ያወጣ ሰው ጭንቅላቱን በጨው አድርቆ ከበሩ በላይ ይሰቅላል። አማቹም ሰቀለ። እናቷ ከሞቱ ጀምሮ ከባንኮኒው ጀርባ ስለቆመችው ታላቅ ልጅ ግን ምንም የተባለ ነገር የለም፤ ከባንኮኒው ጋር አብራ የተገዛች መስሏቸው ይሆናል።

በኋላ አንዳንድ ክፉ ሰዎች ያን ቀን አማቹን በነገር ወጋችው ብለው አውርተዋል። ሐሰት ነው። ከአፏ የወጣው ሁሉ ምስጋና ነበር። ደግሞም የምታወድሳቸውን ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንቱ ስትል ነበር፤ አማቹ በዕድሜ ታናሿ ነው፤ ስለዚህ ስለ ሌላ ሰው እንደነበር ለማንም ግልጽ ነው።

«ምን ልስጥህ ወንድም ዓለም?» አለችው ልብስ ሰፊውን። «ትል ትፈልጋለህ? ሊጥ? ጉበትም አለ፣ ቆየት ያለ፤ አምባዛ የሚወደው የቆየውን ነው። ዝናቡ ውሃውን አደፍርሶታል። በደፈረሰ ውሃ ዓሣ በዓይኑ አይመጣም፣ በአፍንጫው እንጂ። ምን አልከኝ… ያ የሚያብረቀርቀው ማንኪያ መሳይ ማባበያ? እሱ ለጠራ ውሃ ነው። ማለቴ… ለእንዳንተና ለእንደኔ ላለው ተራ ሰው። አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፣ እጃቸው የተባረከ። በድፍርስ ውሃ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ በዚህችው ማንኪያ… ያውም ሸሚዛቸው ሳይርስ! ምን ይደረጋል፣ ስጦታ ነው። እኛ ዕድሜያችንን እዚህ ዳር ፈጅተን ያተረፍነው ጉንፋን ነው።»

አማቹ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ምስጋና ሲሰማ የማይመቸው ማን አለ?

ከዚያ የትሉን ጣሳ አውጥታ ክዳኑን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው። እያደረገችም ስለ እኒያ ሰውዬ የማጥመጃ ሣጥን ለልብስ ሰፊው ተረከችለት። ቀይ ላባ ያለው ማባበያ፣ ብርማ፣ የእንቁራሪት ቅርጽ ያለው፣ ሁሉም በየረድፉ ተኝቷል አለች። ንጽሕናቸው ሲገርም፣ አንዱም መንጠቆ ዝገት አልነካውም። የእሷ መንጠቆ ባመቱ ይዝጋል፤ ውሃ ስለምታስነካው ነው፣ የራሷ ጥፋት ነው። ልብስ ሰፊው ይህን ሰምቶ ማንኪያዋን ለመግዛት ቆረጠ፤ እጁንም ዘረጋ። እሷ ግን በትሕትና ከፊቱ አነሣችበት።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይሉ ነበር አባቶች። ጊዜው ተሻሽሎ ይኸው ሳይጎረጉሩም ዓሣ ይወጣል። ዓሣ መብላት በብልሃት ከሆነ ማጥመዱስ ለምን በብልሃት አይሆንም? … ለመሆኑ ያን ጭንቅላት አየኸው? ቀና በል እስቲ። አላማረም? ጎኑ ያሉትን እያቸው። ያ የአባባ ነው፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ያኛው አጎቴ ያወጣው ነው፤ ጉንጩ ተበስቷል። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል አይደል የሚባለው? አያያዝ የሚያውቅ ሰው ግን አይቀድም። የዚህን ከንፈር ተመልከትልኝ… ጭረት የለው፣ ቀዳዳ የለው። እንደ ሙሽራ! መንጠቆውን ሳይነክስ በፈቃዱ መጣ ማለት ነው። የሰውዬውን ዝና ሰምቶ ይሆናላ።»

መስኮቱ ሥር ክር የሚፈቱት ጣቶች ቆሙ።

አማቹን ድንገት ሳል ያዘው። ከሳሉ ሲተርፍ ውጭ ጉዳይ እንዳለው አስታወሰና ብድግ አለ። የዚያን ጊዜ ነው ታላቅ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው።

«ከጉንጩ ኋላ፣ ስንጥቡ ሥር የተሸጎጠችው አረንጓዴ ክር ብቻ ናት ያልገባችኝ። እዚህ ሱቅ የምንሸጠው ክር ሁሉ ነጭ ነው… አዲስ ዘዴ ትሆን? አንተ የክር ሰው ነህ። አይ፣ ተወው ተወው፣ ሥራ አስፈታሁህ።»

ልብስ ሰፊው ብዙ ነገር መተው የሚችል ሰው ነው፤ ክር ሲሉት ግን አይችልም። በርጩማውን አንሥቶ በሩ ሥር አስቀመጠና ወጣበት። አማቹ ሊወጣ የነበረው በዚያው በር ስለሆነ፣ በርጩማው ላይ የቆመውን ሰው ጉልበት እያየ ለመጠበቅ ተገደደ። ልብስ ሰፊው መርፌ በለመዱ ጣቶቹ ክሯን ሳብ ሳብ አድርጎ አወጣት። በአውራ ጣቱና በጠቋሚው አሸት አደረጋት። ናይለን ናት፤ ድርብ ግምድ፤ አንድ ጫፏ ላይ ጠንካራ ቋጠሮ አለባት። ቋጠሮው ከሙያው ውጭ ሆነበት። በልብስ ላይ እንዲህ ያለ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ማንንም ለመጉዳት ሳያስብ ወርዶ ለሽማግሌው በእጃቸው ሰጣቸው።

ሽማግሌው ቋጠሮውን ዳበሱት። ደግመው ዳበሱት። ከዚያ የደከመ ዓይናቸውን በመስኮቱ በኩል ወደ አጥሩ መለሱ፤ እዚያ የተሰጣው ትልቅ ነገር ዝርዝሩ ባይታያቸውም አረንጓዴነቱ ሳይታያቸው አልቀረም።

ሽማግሌው ገመዱን በራሳቸው በኩል አውጥተው ቁልፉን ጨበጡና ተነሡ። አማቹ፣ ሰው ተስፋ አይቆርጥም፣ ሁለት እጁን አጋጥሞ ጎንበስ ብሎ ዘረጋ። ቁልፉ በተዘረጋው እጅ አጠገብ አለፈ። ባንኮኒውን ዳብሰው ፈለጉ፤ የታላቅ ልጃቸውን መዳፍ ሲያገኙ ቁልፉን እዚያ ላይ አስቀምጠው ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉላት። አማቹን አልነቀፉትም። ዓይናቸው ስለደከመ እጁን ሳያዩት ቀርተው ይሆናል።

ታላቅ ልጅ ለጥቂት ጊዜ የተጨበጠ እጇን አየች። ከዚያ በሌላው እጇ ትሉን በጣሳ ሞልታ፣ እርጥብ አፈር ጨምራ፣ ለልብስ ሰፊው አቀበለችው። አማቹ በርጩማውን ገፍቶ የበሩን እጀታ ይዞ ነበር፤ መቼም ምርቃት እየተሰማ መውጣት ነውር ነውና ቆመ።

«ትሉን ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ወንድም ዓለም። ማንኪያዋን ለባለ ስጦታዎቹ እንተውላቸው» አለች፤ ድምፅዋ ማር ማር ይላል። «እኒያን ሰውዬ ደግሞ እግዜር ይባርክልን። ባዶ እጃቸውን ሰው ቤት ገብተው አያውቁም። ቤታቸውን ይሙላው፣ ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ ክብራቸውን ከፍ እንዳለ ያቆየው… መረበኛውም ታሞ የሚውልበትን ቀን አያሳያቸው።»