ዘሪሁን ፍሪሲዮን ያስተማረኝ ሳምንት

በእኛ ጊዜ መርዶ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው አይነገርም ነበር። ሰው በቤቱ፣ ከዘመድ ከጎረቤት መሀል ተቀምጦ ነው የሚረዳው። ታዲያ እኔን ሊያረዱኝ የመጡት ሦስት ሰዎች ያገኙኝ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ፒካፓችን ላይ ዓሣ ስጭን ነው። የንስሐ አባታችን፣ የዕድራችን ዳኛ አቶ ደሳለኝ እና የቀበሌያችን ሊቀ መንበር። ሦስቱን በአንድ ላይ ሳይ የያዝኩትን ሣጥን መሬት አስቀመጥኩ።

"ልጄ፣ እስቲ ወደ ቤትሽ ውሰጅን" አሉኝ አቶ ደሳለኝ።

"ጋሼ፣ ዓሣው ፀሐይ ይመታዋል እኮ። ላድርስና ልምጣ?"

"ዓሣውን ተይው። የሚያደርሰው አይጠፋም።"

ወደ ቤታችሁ አላሉም፤ ወደ ቤትሽ ነው ያሉት። እና ገባኝ። ገባኝ፣ ግን ሳይነገረኝ አላለቅስም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አባታችንና አቶ ደሳለኝ ከጎኔ ገቡ፣ ሊቀ መንበሩ ከኋላ ተሳፈረ። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ በግራ እግሬ የያዝኩትን ፍሪሲዮን ለቀቅ አደረግኩት፣ መኪናዋ ውኃ ላይ እንዳለ ታንኳ ሸርተት ብላ ተነሳች። አባታችን "አነሳስሽ እንዴት ለስላሳ..." ብለው ጀመሩና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ማን እንዳስተማረኝ ያውቁ ነበራ!

ያስተማረኝ ባሌ ዘሪሁን ነው። እሱን ነው የማወራችሁ። እጄ ብዕር ይያዝ እንጂ አፌ እንደሚያወራው አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ታገሡኝ።

ዘሪሁን ከአሞራ ገደል ዓሣ እየጫነ መናኸሪያ ያደርስ ነበር፣ ከዚያ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይላካል። እና አንድ ቀን ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። ከባድ መኪና መንዳት የሚችል ሁሉ በሳምንት ውስጥ ለሰሜን ጦር ግንባር ይቅረብ ይላል። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ጥሩዬ፣ ከነገ ጀምሮ መኪና ትማሪያለሽ።"

"እኔ? ምን በወጣኝ!"

"ታዲያ እኔ ስሄድ ይቺን ማን ይነዳታል? እሷ ቆማ ስትዝግ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ስድስት ቀን አለን።"

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወሰደኝና መሪው ጋ አስቀመጠኝ።

"ጫማሽን አውልቂ።"

"ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ የምገባው?"

"እግርሽ ይስማ ብዬ ነው። መኪና ማስነሳት በእግር መስማት ነው። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጪ። አንደኛ አስገቢ። ነዳጅ ትንሽ... ትንሽ አልኩ እኮ! አሁን ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ።"

ለቀቅኩት። እንደ ደነበረ ፈረስ ዘለለችና ሞተሩ ጠፋ። ደገምን፣ ዘለለች፣ ጠፋ። ደገምን፣ ዘለለች፣ ጠፋ። የጋሪ ነጂዎቹ ቆመው ያዩናል። አንዱ "ኧረ መኪናዋን ስቅታ ይዟታል! ውኃ ስጧት!" ብሎ ጮኸ። ዘሪሁን አብሮ ሳቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በሁለተኛው ቀን "ጭነት ያላትን ካላስነሳሽ ባዶዋን ማስነሳት ምን ይረባል" ብሎ ዓሣ ጭኖ አመጣት። የኋላውን መዝጊያ አላጠበቅነውም። ፍሪሲዮኑን ስለቅ መኪናዋ ተስፈነጠረች፣ የዓሣው ሣጥንም ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። ከዚያማ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ አሞሮች፣ ማን ጠራቸው ሳይባል ደረሱ! ዘሪሁን ሸሚዙን አውልቆ እያራገበ "እሽ! እሽ!" ይላል። ዓሣ የሚያጥቡት ሴቶች እያጨበጨቡ "ጥሩወርቅ ለአሞራ ደገሰች!" ይላሉ። ያን ቀን እንኳ አልተቆጣኝም።

በሦስተኛው ቀን ግን ጭንቀቱ አፉ ላይ ወጣ። በቡሹሎ መንገድ ላይ ነበርን። ሞተሩ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ሲጠፋብኝ "ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ነው የምልሽ! ሰው ነሽ ግንድ?" አለኝ። ከአፉ ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወረድኩና በእግሬ ሄድኩ። እሱ ወደ መሪው ተሻገረ፣ በምሄድበት በኩል ያለውን በር ከፈተና ከጎኔ ተከተለኝ።

"ጥሩዬ፣ ግቢ።"

"ግንድ አይገባም።"

ስሄድ ይነሳል፣ ስቆም ይቆማል። ስሄድ ይነሳል፣ ስቆም ይቆማል።

"ግንዱ እኔ ነኝ። ግቢ በናትሽ።"

"ግንድ መኪና ይነዳል እንዴ?"

ታዲያ በዚያ ክፍት በር ዓይኔ ግራ እግሩ ላይ አረፈ። ሲነሳ እግሩ ግማሽ ድረስ ከፍ ይልና ይቆማል። ይቆማል! የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ የመኪናዋ አፍንጫ ቀና ይላል፣ ያን ጊዜ ነው የቀረውን የሚለቀው። አንድ አምስት ጊዜ አየሁትና ጮኽኩ።

"አንተ! ቀስ በይ አልከኝ እንጂ መሀል ላይ ቁሚ መቼ አልከኝ?"

"እኔ እቆማለሁ እንዴ?"

"ትቆማለህ!"

አጎንብሶ እግሩን እያየ ደግሞ አስነሳት። "የድንግል ያለህ! እቆማለሁ ለካ!" ያን ያህል ዓመት ሾፌር ሆኖ የገዛ እግሩ የሚሠራውን አያውቀውም ነበር።

መሪውን ለቀቀልኝና ገባሁ። ለቀቅ አደረግኩ፣ መሀል ላይ ያዝኩ፣ ድምጿ ዝቅ አለ፣ ሄደች። ሳትዘል ሄደች! እልል ልል ዞር ስል ዘሪሁን ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሯል።

"ምነው? አላማረም?"

"አምሯል። በቃ፣ አሁን መሄድ እችላለሁ" አለኝ።

ለካ እስከዚያ ድረስ እኔ መኪና ስማር እንጂ እሱ ሲሄድ አልታየኝም ነበር።

በመሄጃው ቀን ከነልጆቻችን መናኸሪያ ያደረስኩት እኔው ነኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ኋላ ነው፤ ትራፊኩ ዘማች ሸኚ መሆኔን አይቶ እንዳላየ አለፈኝ። ዘሪሁን አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ በመስኮት ብቅ አለ።

"ቆመሽ እንዳታዪኝ። አንቺ ቀድመሽ ተነሺ።"

"ቢጠፋብኝስ?"

"ከጠፋብሽማ ወርጄ አስነሳልሻለሁ። የፈለጉትን ያድርጉኝ!"

እየሳቀ ነው ያለው፣ ግን ዘሪሁን ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ፣ እና ሐሳብ መጣብኝ። እግሬን ድንገት ብለቀው ሞተሩ ይጠፋል። ከጠፋ ይወርዳል። ይወርድልኛል። ከዚያስ? ከዘመቻ አውቶቡስ የወረደ ሰው ምን እንደሚደረግ በዚያ ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ግን ድንገት አልለቀቅኩትም፤ መሀል ላይ ያዝኩና ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ከኋላዬ የአውቶቡሱን ቆርቆሮ በመዳፉ እየደበደበ "ጎበዝ! ጎበዝ የኔ እመቤት!" ሲል ሰማሁት። ዞሬ አላየሁትም። ያ የመጨረሻው ድምፁ ነው። መርዶው የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው።

ብዙ ዓመት ይህን እግሬን ረግሜዋለሁ። ምናለ ያን ቀን ቢሳሳት እያልኩ። አሁን ሳረጅ ተውኩት፤ ቢወርድ ኖሮ በልጆቼ ዓይን ፊት ይገድሉት ነበር፣ ባይወርድ ደግሞ ስፈራ አይቶኝ ይሄድ ነበር። እንደምችል አይቶ ሄደ። ይኸው ነው ያለኝ።

አስከሬኑ አልመጣም፣ የተቀበረበትን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቤተ ክርስቲያን በዘሪሁን አትጠራውም፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ስትጸልዩ የወልደ ሚካኤልን ነፍስ ይማር በሉልኝ።