ባለቤት የሌለው ዘፈን

ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ስኖር እንደ ዩሱፍ ያለ ከሳሽ ገጥሞኝ አያውቅም። ሐረር፣ ፈላና በር በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ነው፤ ሰርግ ላይ ይዘፍናል። ወንድሙ በአፈሳ ተወስዶ ግንባር ሲሞት፣ ቤቱን ዘግቶ አንጎራጎረለት፤ በቴፕም ቀዳው። ቴፑ ሲበላሽበት ካሴቱን ሳያወጣ ለጠጋኝ ሰጠ። በሳምንቱ ሐረር በሙሉ ዘፈኑን በድብቅ ያባዛ ጀመር።

«ክሰስ እንጂ!» አልኩት በንዴት። «ካሴት ሁሉ ላይ ‹ያለ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስቀጣል› ይል የለ?» ብዕሬን አንስቼ «ዘፈኑ የእኔ ነው» ብዬ ስጀምር እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ‹ልጅ በልቶ የማይጠግብ መንግሥት› የሚለውንም የእኔ ነው ልበል?»

ወረቀቱን ቀደድኩት። ሕጉ የሚያስከብረው «የእኔ ነው» ላለ ሰው ነው፤ ያንን ዘፈን የእኔ ነው ያለ ደግሞ ቤቱ አያድርም።

ቆይቶ አንድ ቀን አብረን ሐኪም ጋራ ወደሚባለው ተራራ ስንሄድ፣ ባለታክሲው መስኮቱን ዘጋና ያንኑ ካሴት ከፈተ። ዩሱፍ ያዳምጣል። የገዛ ድምፁ የወንድሙን ስም እየጠራ ያለቅሳል።

«አንጀት ይበላል! ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ?» አለው ባለታክሲው።

«ወላሂ አላውቀውም» አለ ዩሱፍ።