ያልተቀመሰ የጦስኝ ሻይ
የፋሲካ ማግስት ነው። ጎረቤቴ አያ ታረቀኝ፣ ጾም የከረመ ሆዳቸውን በሥጋ ሞልተው፣ ‹‹ተነፋሁ እኮ!›› እያሉ መጡ። ጦስኝና ዝንጅብል አፍልቼ በብርጭቆ ሰጠኋቸው። አልነኩትም።

‹‹ለሆድ ፍቱን ነው፤ ከመጽሐፍም አንብቤዋለሁ›› አልኳቸው።

‹‹ምነው ታዲያ ሳትቀምሺ ሰጠሽኝ?››

ደሜ ፈላ። ሠላሳ ዓመት በሰው አገር ኖሬ፣ ጎንደር ገብቼ በመርዝ ልጠርጠር? ወዲያው እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ጠላ እንኳ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለሰው ሰጥታ አታውቅም። የረሳሁት እኔ ነኝ። ብርጭቆውን አንስቼ፣ ጉሮሮዬ እየተቃጠለ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ግማሹን ጨለጥኩት።

‹‹በቃዎት?››

ሳቁና የቀረውን ጠጡ። ሲነጋ ተመልሰው መጡ።

‹‹ሆዴ ሸጋ ሆነልኝ፤ ድገሚኝ። ቅምሻው ግን ይቅር፤ ትናንት ግማሹን ጨረስሽብኝ።››