አልምልም ያሉት ምስክር

ጠበቃ ነኝ፤ እንጀራዬ ክርክር ነው። ደንበኛዬ አያ መኮንን የኮሶዬ ገበሬ ናቸው፤ ጎረቤታቸው «ድንበሬን ገፋ» ብሎ ጎንደር ፍርድ ቤት ከሷቸዋል። የከሳሹ ብቸኛ ምስክር፣ አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ፣ «ይማሉ» ሲባሉ «አልምልም» አሉ። «እውነቱን እናገራለሁ። ለእርሻ ድንበር ብዬ ግን የእግዜርን ስም አልጠራም።» ዳኛዋ በትዕግሥት፣ «አባቴ፣ ካልማሉ ቃልዎን መቀበል አልችልም» አሏቸው። እኔ በሆዴ ደስ አለኝ፤ ምስክር የሌለው ክስ ውድቅ ነው። ይህንኑ ልናገር ስነሳ አያ መኮንን ቀደሙኝ።

«የኔ እመቤት፣ ድንበሩ ሲካለል አይተው በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሳይምሉ ይናገሩ፤ ያሉትን እቀበላለሁ።»

ጋቢያቸውን ሳብ አድርጌ፣ «አያ መኮንን፣ አሸንፈናል እኮ!» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ምነው ትጎትተኛለህ? አንተ ማታ ከተማ፣ ፒያሳ ቤትህ ትገባለህ። እኔ ከሳቸው ጋር አንድ ደብር ነው የምስመው።»

አያ ደሴ ተናገሩ፤ ድንበሩ ደንበኛዬ እንደሚሉት በማሳዎቹ መሃል ካለው ወይራ በላይ ሳይሆን በታች ነው አሉ። አያ መኮንን መሬታቸው ሲሄድ እያዩ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረው፣ «ጠበቃ፣ የሚሉት አለ?» አሉኝ።

«ክብርት ዳኛ፣» አልኩ፣ «ደንበኛዬ ረተውኛል።»